እኔ በቀየርኩት ኮድ ሌባ የተባሉት ሴት

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ሰቆጣ ውስጥ ነው። አሁንም ሥራ ጨርሼ ልወጣ ስል የሴትዮዋ ፊት ይመጣብኛል።

የምሠራበት መሥሪያ ቤት የመሬት ይዞታ ማስረጃ በወረቀት አትሞ ይሰጣል። ወረቀቱ ላይ በስልክ የሚነበብ ምልክት አለ፤ ምልክቱ ውስጥ ደግሞ ዲጂታል ፊርማ። ፊርማውን የሚሠራልንም የሚያረጋግጥልንም ሌሎች የጻፉት ላይብረሪ፣ ማለትም የተዘጋጀ ኮድ ነበር። አርጅቶ ለማጭበርበር የተጋለጠ ስለሆነ በሌላ እንድተካው ታዘዝኩ። ከሠላሳ በላይ ፋይሎች ውስጥ ገብቼ አሮጌውን እያወጣሁ አዲሱን አስገባሁ። አዳዲስ ወረቀቶች አትሜ ሞከርኩ፤ ሁሉም አለፉ። ቀድሞ ከታተሙት ግን አንዱንም አልሞከርኩም።

በማግስቱ ወይዘሮ ታድላ የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት ከፃግብጂ መጡ። ዋርሳቸው፣ የሟች ባላቸው ወንድም፣ መሬቱ የኔ ነው ብሎ ስለተከራከራቸው ወረቀቱን ሊያስመረምሩ ነው አብረው የመጡት። ባልደረባዬ በስልኩ አነበበው። "ፊርማው ትክክል አይደለም" የሚል ቀይ ጽሑፍ ወጣ።

"ፎርጅድ ነው አላልኳችሁም?" አለ ዋርሳቸው።

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። አንዱ "ሌባ" አለ። ወይዘሮ ታድላ ሲደነግጡ አማርኛው ጠፋቸውና በኽምጣንኛ ይምሉ ጀመር። ጥበቃው ወረቀቱን ሊቀማቸው ሲል ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙት።

እኔ ጠረጴዛዬ ጋ ነበርኩ። አዲሱ ኮድ የድሮውን ፊርማ ማንበብ እንዳልቻለ ወዲያው ገባኝ። ግን አልተነሳሁም። አለቃዬ ምን ይለኛል እያልኩ ቁጭ አልኩ። የተነሳሁት ዋርሳቸው "ከዛሬ ጀምሮ እርሻው ላይ እግርሽን እንዳላይ" ሲላቸው ነው።

"እማማ፣ ወረቀትዎ ትክክል ነው። ስህተቱ የኔ ነው" አልኳቸው።

"ዘመዷ ነሽ አይደል?" አለኝ ዋርሳቸው። ወረፋው እኔ ላይ ተነሳ። አንዲት ሴት "እናንተ ናችሁ ሰው የምታጋድሉት" ብላ ሰደበችኝ።

አዲሱ ኮድ የድሮውንም ፊርማ እንዲያነብ አድርጌ እስካስተካክል ቀትር ሆነ። ሁሉም ባሉበት ወረቀቱ እንደገና ተነበበና አለፈ። ዋርሳቸው ወረፋውን ጥሶ ወጣ። ሌባ ያላቸው ሰው ጉዳዩን ጨርሶ ቀድሞ ሄዷል።

ይቅርታ ስጠይቃቸው ወይዘሮ ታድላ ወረቀቱን እያጠፉ አዩኝ። ቀስ ብለው በአማርኛ "እዚያ ቁጭ ብለሽ ስታዪኝ አይቼሻለሁ" አሉኝና ሄዱ።

በኮዱ መሳሳቴን ለባልደረቦቼ ብዙ ጊዜ አውርቻለሁ። ቁጭ ብዬ ማየቴን ግን ይኸው ዛሬ ገና መናገሬ ነው።