ከአንኮበር መልስ፣ ኬላው ላይ

ቅዳሜ ማለዳ ነው... ዘመኑ ደርግ። ቦሌ ሚካኤል ጀርባ ካለችው ቤታችን ደጅ ላንድሮቨሬን አስነስቼ ባለቤቴን ሰናይትን ስጠብቅ፣ ታላቅ ወንድሟ ደምሴ ሽጉጡን እንደታጠቀ መጣና ጋቢና ገብቶ ተቀመጠ። ሰናይት ድንኳኑን ታቅፋ ስትወጣ አየችው... ከኋላ ገባች።

ደምሴ የቀበሌያችን የአብዮት ጥበቃ አለቃ ነበር። ያኔ ከከተማ ለመውጣት ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። እኔና ሰናይት ደግሞ ከተጋባን ጀምሮ የአንኮበርን ተራራ መንገድ በመኪና ልናየው፣ ድንኳን ተክለን ልናድርበት ስንመኝ ነው የኖርነው። ወረቀቱን ስንጠይቀው «ድንኳን? ቤት የላችሁም እንዴ?» አለና ስንት ጊዜ አመላለሰን። በመጨረሻ የፈቀደው እሱም አብሮን ሊሄድ፣ ወረቀቱም እሱ ኪስ ውስጥ ሊቀመጥ ነው።

እኔን ገና ከሽምግልናው ቀን ጀምሮ አይወደኝም። እህቱን ለአንድ ካድሬ ጓደኛው አስቦ ነበር። መኪናዋን ያወረሰኝ አጎቴ ባለ መሬት ስለነበር ደግሞ ስሜን ትቶ «ፊውዳሉ» ነበር የሚለኝ... በሠርጌ ቀን እንኳን።

እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ ስለ ጉዟችን ሲተች መጣ። የሠርቶ አደሩ ልጅ ዘምቶ ሳለ ተራራ ለማየት ቤንዚን ማቃጠል አድኃሪነት ነው አለ። ሰናይት መስኮት መስኮቱን ታያለች። እኔም መሪዬን ይዤ እነዳለሁ።

ከአስፋልቱ ወጥተን ፒስታውን ስንይዝ ግን ወሬው እየቀነሰ ሄደ። መንገዱ ጠጠር ነው፣ ጠባብ ነው፤ በአንድ በኩል ግድግዳ የሚያህል ተራራ፣ በሌላው ገደል። ጉሙ ገለጥ ሲል የአፋር ቆላ እታች ተዘርግቶ ይታያል። ጭላዳዎች ሣር እየነጩ ቀና ብለው ያዩናል። ሰናይት ከኋላ ሆና «ኧረ ተመልከት» ስትል ድምጿ እንዴት ደስ እንዳላት ያስታውቃል። ገደሉ በደምሴ በኩል ነበር። እሱ አያይም... የበሩን እጀታ ጨብጧል።

አንድ ኩርባ ላይ እህል የጫነ መኪና ፊት ለፊት መጣብን። ማሳለፊያ ስለሌለ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ነበረብኝ። ቀስ ብዬ ስመለስ የኋላ ጎማው ዳር ነካና ጠጠሩ ወደ ገደሉ ተንሸራተተ... ሲወርድ ይሰማል፣ መሬት ሲነካ ግን አይሰማም። ደምሴ «አቁም» አለኝ። ቁጣ አልነበረም፣ ልመና ነበር።

አቆምኩ። በኔ በር በኩል ወርዶ ሁለት እርምጃ እንደሄደ ተራራው ሥር ቁጭ አለ። ሣሩን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል። ሱሪው ረጥቧል። ሰናይት ልትደግፈው ስትጠጋ «አትንኪኝ» አላት። የጭነት መኪናው ሹፌር ዓይቶ እንዳላየ ፊቱን አዞረ። እኔ ከሻንጣዬ ሌላ ሱሪ አውጥቼ አጠገቡ አስቀመጥኩለትና ወደ መኪናዬ ተመለስኩ። ለብሶ መጣ። እኛም ያየነውን ዳግም አላነሳንም። አልሳቅንም። ይኼንን ልብ በሉልኝ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሜዳ ላይ ድንኳናችንን ተከልን። እሱ መኪናው ውስጥ አደረ። እሁድ ስንመለስ፣ አስፋልት እስክንገባ ድረስ ዓይኑን ጨፍኖ መጣ።

ከኮተቤ በላይ ያለው ኬላ ላይ ጠባቂዎቹ አስቆሙንና ወረቀት ጠየቁ። ደምሴ ወረደ። አንደኛው ጠባቂ ያውቀው ኖሮ «ጓድ ደምሴ» ብሎ ሰላምታ ሰጠው። ከዚያ ወደ እኛ እየጠቆመ አብረውህ ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀው።

ደምሴ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ እህቱን አየ።

«አላውቃቸውም» አለ። «መንገድ ላይ ነው የተሳፈርኩት። ይለፍም ያላቸው አይመስለኝም።»

የኔን ሱሪ ለብሶ እኮ ነው እንዲህ የሚለው። ወረቀቱ እሱ ኪስ ውስጥ ነው፣ ፈትሹት ብዬ ልናገር ስል ጠባቂው በመሣሪያው አፈሙዝ ደረቴን ገፋ አድርጎ ዝም አሰኘኝ። ደምሴ ወደ ከተማ የሚገባ አውቶቡስ አስቁሞ ተሳፈረ። ዞር ብሎ አላየንም።

ግድግዳ ጥግ አስቀመጡን። ሌላ ጠና ያለ ጠባቂ ነበር፤ ዳር ቆሞ ሁሉንም ሲያይ የቆየ ሰው። መጥቶ ሰናይት ፊት ቁጢጥ አለና ትክ ብሎ አያት።

«ቅድም ከሄደው ጓድ ጋር ቁርጥ አንድ መልክ ናችሁ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ወንድምሽ ነው አይደል? ንገሪኝና አሁኑኑ አስመልሼ አጣራለሁ።»

እፎይ አልኩ... አለቀ፣ ቤታችን ልንገባ ነው። ሰናይት ግን አውቶቡሱ የሄደበትን መንገድ ትንሽ አየችና መለሰችለት።

«ወንድም የለኝም።»

ክው አልኩ። ውሸቷን ነው ልል ነበር። ፊቷን ሳየው ግን አፌ ውስጥ የነበረውን ሁሉ ዋጥኩት። ሰውየውም አንገቱን ነቅንቆ ተነሳ።

አንድ የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ እሷ ከሴቶቹ እኔ ከወንዶቹ፣ ሳምንት ለሚሆን ጊዜ ታሰርን። መሥሪያ ቤቴ መስክሮልኝ ተፈታን። ላንድሮቨሬ ግን እዚያው ኬላ ተይዛ ቀረች፣ ማን እንደነዳት አላውቅም። ሰናይት ከዚያ በኋላ ደምሴን አነጋግራው አታውቅም። እናታቸው ሲያርፉ እንኳ የለቅሶው ድንኳን ውስጥ በሁለት ጥግ ነው የተቀመጡት።

ልጆቻችን ያን ጉዞ ሲጠይቋት የምታወራላቸው ስለ ጭላዳዎቹና ስለ ጉሙ ብቻ ነው። ሌላውን እኔ ነኝ የማወራው...

ያን ሁሉ ገደል በሰላም አልፈን፣ የወደቅነው አስፋልት ላይ ነው።