ለገለጉ ብዬ ያስቆረጥሁት ሆድ

የልጅ ልጆቼ ናቸው ያስጀመሩኝ። «እምዬ፣ ፎቶው ላይ ያለችው ወፍራም ሴትዮ አንቺ ነሽ? እንዴት ከሳሽ? ንገሪን» እያሉ ነዘነዙኝ። ነገርኋቸው፤ አልበቃቸውም። ደግሜ ነገርኋቸው፤ ትልቋ «ልጻፈው» አለች። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። አንዳንዴ ቀና ትልና «እዚህ ላይ ትንሽ ላሳምረው?» ትለኛለች። ያልሁትን ጻፊ ብያታለሁ።

እግሬ ከድሮም አያርፍም። ባሌ ነፍሱን ይማረውና «ይህች ሴት ቤት ውስጥ ስትቀመጥ ጣራው ይጫናታል» ይለኝ ነበር። ሰሊጥ ሲደርስ ለአጫጆች ምግብ እያበሰልሁ ከእርሻ እርሻ ስዞር ኖሬአለሁ። ከገንዳ ውሃ ሸሕዲ፣ ከሸሕዲ መተማ፣ ሲያሰኘኝም ድንበሩን ተሻግሬ ገላባት ገብቼ መውጣት ለእኔ ጓሮ ደርሶ እንደ መመለስ ነበር። ባሌ ሲሞት ልጄ «ከእንግዲህ አርፈሽ ብዪ» ብሎ ገንዳ ውሃ እቤቱ አስቀመጠኝ። አርፌ በላሁ። ውፍረት መጣሁ ብሎ አይመጣም። ሰው ሁሉ «አማረብሽ፣ ተመቸሽ» ይለኛል። «ጉልበትሽስ?» ያለኝ አንድ ሰው የለም።

የመጨረሻዋ ልጄ ገለጉ አግብታ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። በወጉ አራሷን የምትንከባከብ እናቷ ናት። ገንፎ የሚገነፋበትን ዱቄትና ቅቤውን ይዤ መኪና ተራ ሄድሁ። ወደ ገለጉ የሚሄደው እንግዲህ ጭነት መኪና ነው፤ ጎማውን ረግጠሽ፣ የጎኑን ብረት ይዘሽ ከጭነቱ ላይ መውጣት ነው። ሁለት ጫኞች ከታች ገፉኝ፣ አንዱ ከላይ ጎተተኝ።

«እማማ፣ ትንፋሽዎን ይያዙ!»

«ኧረ አንተ፣ የከበደህ ትንፋሼ መሰለህ?»

«ሰሊጥ ይሻለኛል» አለ የታችኛው፣ «ጆንያ እንኳ መያዣ ጆሮ አለው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ስስቅ ጉልበቴ ከዳኝና ተመልሼ ከጫኞቹ ላይ ወደቅሁ። ዱቄቱና ቅቤው ገለጉ ሄዱ፣ እኔ ቀረሁ።

ለክርስትናውም አልደረስሁ። የልጄ አማት ይህን ሲያዩ ተቀየሙ። «ቅቤ ልካ ራሷ የቀረች እናት ዘንድሮ አየሁ» አሉ ተባለ። እኔን ቢሰድቡኝ ግድ የለኝም፤ ልጄ ግን እዚያ ቤት አንገቷን ደፋች። አማቷ «የእናትሽ ወገን ንቆናል» እያሉ ልጁን እንኳ አንሥተው አይስሙትም አለችኝ በስልክ፣ እያለቀሰች። ወርዶ ሽማግሌ የሚሆን ሰው ጠየቅሁ፤ ሁሉም «አንቺ ራስሽ ካልሄድሽ አይበርድም» አለኝ። እኔ ራሴ! የምሄድበት ነገር ጠፍቶኝ አይደል የተጣላሁት?

ጎንደር ወጣሁ፣ ሐኪም ዘንድ። «እናቴ፣ ጉልበትዎን ለማከም መጀመሪያ ክብደት ይቀንሱ» አለኝና ወረቀት ሰጠኝ። ልጄ ሲያነብልኝ አጃ ይላል፣ ሰላጣ ይላል፣ ዓሣ ይላል። የገንዳ ውሃ ሰው በበጋ የሚጠጣው ውሃ አጥቶ ቢጫ ጀሪካን ይዞ ሲሰለፍ ሰላጣ የሚበቅለው በምን ውሃ ነው? እንደምንም ብዬ ትንሽ ትንሽ መብላት ጀመርሁ። የከሳው ጠባዬ ብቻ ነው።

ያን ጊዜ ሱዳን ገና አልተረበሸም፤ ትልቋ ልጄ ካርቱም ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ደወለች።

«እማዬ፣ የእመቤቴ እህት ተክሚም አሠርታ ግማሽ ሆነች።»

«ተክሚም ደግሞ ምንድን ነው?»

«ጨጓራን ቆርጠው ያሳንሱታል። ልብስ እንደ ማስጠበብ በይው።»

«እኔ ቀሚስ ነኝ?»

«ቀሚስ ብትሆኚማ ገለጉ በፖስታ እንልክሽ ነበር» አለችኝ። አፏ እንደ አባቷ ነው።

ስልኩን ዘጋሁባት፤ ነገሩ ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ልጄ አይሆንም አለ። «ሰው ምን ይላል? ጠግባ ተቀደደች ይሉናል።» ነፍስ አባቴን ጠየቅሁ። «እህል አጥቶ የሚያድር ባለበት አገር፣ አንቺ እህል የማይገባበት ሆድ ልታሠሪ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እውነት ግን መኪና ላይ አያሳፍርም። «አባቴ፣ እርስዎ ገለጉ ድረስ ያዝሉኛል?» አልኋቸው። ቀና ብለው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «በይ ሂጂ፣ እግዜር ይከተልሽ» አሉ። ልጄም መጨረሻ ላይ እሺ አለ፤ ግን ለማንም እንዳይነገር። ለጎረቤት «ለጨጓራዋ ልትታከም ነው» ተባለ፤ ውሸት አይደለም መቼም።

ካርቱም ያለው ሐኪም «ያ ሐጃ» እያለ ነው የሚጠራኝ። ክርስቲያን ነኝ ስለው «እናት ሁሉ ሐጃ ናት» አለኝ። ድንበር ላይ ያደግሁ ስለሆንሁ ዐረብኛው አይጠፋኝም። ክንዱን አሳየኝ፣ ቀጥሎ ሙዝ አሳየኝ፤ ያ ሆድሽ ነበር፣ ይህ ሆድሽ ይሆናል ለማለት ነው። «ጉልበት አልቀጥልልሽም፤ ሆድሽን ብቻ ነው የማሳንሰው። ከዚያ በኋላ እስከ ዕድሜሽ ፍጻሜ ትንሽ ነው የምትበዪው፣ ቀስ ብለሽ ነው የምታኝኪው። ከምግብ ጋር ውሃ አትጠጪም። ሲጠማሽም ጎንጨት ነው እንጂ ግጥም አድርጎ መጠጣት የለም። ስኳር አትቅመሺ» አለኝ። እሺ አልሁ። እሺ ማለት ምን አለው፤ እሺ ያልሁት ገና ጠግቤ ሳለሁ ነው።

ሆዴን አስቆርጬ በሚያዝያ ተመልሼ ገንዳ ውሃ ገባሁ። ሚያዝያን በእኛ ቆላ ያየ ያውቀዋል፤ ዶሮ እንኳ ምንቃሯን ከፍታ ከጥላ ጥላ ትዞራለች። ሰው ሁሉ ጣሳ ሙሉ ውሃ ወደ ጉሮሮው ይለቀዋል፣ እኔ እንደ ጫጩት አንድ ጎንጨት አደርግና ቀና እላለሁ። ያንን ሐኪም በሚያዝያ መተማ አምጥቼ ባስቀመጥሁት!

መክሳት ስጀምር ደግሞ ሌላ ጣጣ። በእኛ አገር ሰው ሲከሳ ሦስት ነገር ነው የሚባለው፦ ወይ ጣፊያ የሚያሳብጠው የቆላ በሽታ ካላዛር ነው፣ ወይ ያ በሽታ ነው፣ ወይ ምራቷ አስርባታለች። ጎረቤቴ ሆዴን ካልዳበስሁ ብላ አስተኛችኝ። «ጣፊያሽ አላበጠም» አለች፤ ያዘነች መሰለኝ። ጤና ጣቢያ ደም ስጪ አሉኝ፣ ሰጠሁ፤ ምንም አልተገኘም። ሰው ይህን ሲሰማ ወደ ምራቴ ዞረ። ምስኪኗ አለቀሰችብኝ። «እማማ፣ ሰው ፊት ትንሽ ይብሉ እንጂ፣ ስሜን አስጠፉት እኮ!» የበላሁትን እየቆጠረች ለጎረቤት ትናገር ጀመር። ባለ ሱቁ ሐጂም ስንት ዘመን የማውቀው ሰው ነው፤ መክሳቴን አይቶ ደንግጦ ስኳር የበዛበት ሻይ ቀዳልኝ።

«ሐጂ፣ አልችልም።»

«አንድ ብርጭቆ ሻይ እምቢ ይባላል? ምን በድዬሽ ነው?»

እንዳላስከፋው ጠጣሁለት። ላብ አጠመቀኝ፣ ልቤ ደለቀ፣ እዚያው ሱቁ ደጃፍ ካርቶን ላይ ተጋደምሁ። ደግሞ በዚህ ላይ ካላዛር ተባልሁ።

ቆዳዬ ደግሞ ወሬው አልደረሰውም መሰለኝ፤ ሥጋው ሲሄድ እሱ እንደ ባዶ ጆንያ ተንጠልጥሎ ቀረ። ጉልበቴ ግን ዳነ። ይህን አልዋሽም። ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ፣ በኅዳር መባቻ መኪና ተራ ሄድሁ። ጎማውን ረገጥሁ፣ ብረቱን ያዝሁ፣ ወጣሁ። አንዱ ጫኝ «እማማ፣ ልግፋ?» ሲለኝ «ተው ወዲያ!» አልሁት። አላወቀኝም።

ገለጉ ስደርስ የልጄ አማት ደጃፍ ላይ ቆመው ነበር፤ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። ተሳሳምን፤ ጉንጫቸው ነክቶኝ አልነካኝም። «መንገዱን አገኙት?» አሉኝ። ብቻ ይህችን። ልጁ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ከእናቱ ቀሚስ ኋላ ተደብቆ ያየኛል። እጄን ስዘረጋለት አማቷ «መጀመሪያ እንጀራ ይቅመሱ» አሉ። ገባኝ። እበላላቸው እንደሆነ ሊያዩ ነው። የተቀያየመ ሰው የሚታረቀው ከአንድ ገበታ ሲበላ ነው፤ ያልበላ አልታረቀም።

ዶሮ ሠርተዋል። በርበሬው የሚያንጸባርቅ፣ ቅቤው ከላይ የቆመ። ልጄን አየኋት፤ ፊቷ ዐመድ መስሏል። እሷ ታውቃለች ሆዴን። ሰው እንዳይሰማ ብለን ስለ ነበር ግን ለአማቷ አልነገረቻቸውም። ትንሽ ትንሽ ቆረስሁ፣ አኘክሁ፣ አኘክሁ። አማቷ የምቆርሰውን እያዩ ነው።

«አልጣፈጠዎትም?»

«ኧረ እጅዎን ይባርከው።»

«ታዲያ በሞቴ!» ብለው ጠቅልለው አጎረሱኝ። እንደ ምንም ዋጥሁ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለው ሁለተኛውን አመጡ። ያ ሐኪም ስለ ስኳር ነግሮኛል፣ ስለ ውሃ ነግሮኛል፤ ስለ «በሞቴ» ግን አንድ ቃል አልነገረኝም። ሁለተኛውንም ተቀበልሁ። ደረቴ ላይ ድንጋይ ሆኖ ቆመ። ሦስተኛውን ሲጠቀልሉ እጃቸውን ያዝሁ።

«እመቤቴ፣ ይቅርብኝ።»

«በልጅዎ ሞት!»

በልጄ ሞት ከተባለ ምን ይባላል? አፌን ከፈትሁ። ከዚያማ ተነሥቼ ሮጥሁ፤ ደጃፉ ላይ፣ ሰው እያየ፣ የበላሁትን ሁሉ መለስሁት።

ዞር አልሁ። አማቷ ቆመዋል፣ እጃቸው ወጥ እንደ ነካ ነው። «የእኔ እጅ ያስታውካል?» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። «ከገንዳ ውሃ ድረስ እየበሉ መጥተው፣ የእኔ እጅ ያስታውካል?» ወደ ልጄ ዞሩ፤ «ተነሺ፣ ልጅሽን ያዢና ከእናትሽ ጋር ሂጂ፤ ንቀታችሁ በቃኝ!»

ተቀድጄ የመጣሁት ለዚህ ነው እንግዲህ። ግድግዳ ተደግፌ ቆምሁ፤ አፌ መራራ ሆኗል። ልጄ አማቷን ክንዳቸውን ይዛ ወደ ማጀት ጎተተቻቸው። ሹክሹክታ ሰማሁ። ከዚያ አማቷ «እኔን!» ሲሉ ሰማሁ።

ሲመለሱ ሌላ ሰው ሆነዋል። ዐይናቸው ቀልቷል። ውሃ አምጥተው ፊቴን በእጃቸው አጠቡኝ። «ምነው እህቴ፣ ምነው ሳትነግሪኝ?» አሉኝ። እርስዎ መባባሉ እዚያ ላይ ቀረ።

ልጄ ስለ ቀዶ ጥገናው የነገረቻት መሰለኝ። «ምኑ ይነገራል፣ ያሳፍራል እንጂ» አልኋት።

«ከእግዜር የመጣ ምን ያሳፍራል?»

ሄዳ ልጁን አነሣችው፣ ሳመችው፤ ከዚያ አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ከበደኝ፤ ደስ የሚል ክብደት ነው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አላበቃም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህች ሴት አላስቆም አላስቀምጥ አለችኝ። በየዓመቱ ገለጉ ስወርድ አልጋ ተነጥፎ ይጠብቀኛል። ከመኪና ዘልዬ ስወርድ እያየች «ደግፏት!» ትላለች። ጀሪካን ሳነሣ ትነጥቀኛለች። ውሃ ልቀዳ ወንዝ ስወርድ ከኋላዬ ሰው ትልካለች። አጥሚት በማንኪያ ካላጎረስሁሽ ትላለች፤ እኔ እንደሆነ አሁን ቆሎ እቆረጥማለሁ፣ ሽሮም እበላለሁ፣ ልኬን ዐውቄአለሁ። ስመለስ ደግሞ ታለቅስብኛለች። እቅፍ አድርጋኝ «ደግሞ እንገናኝ ይሆን?» ትለኛለች።

«ኧረ ምን ሆኜ! በፋሲካ እመጣለሁ።»

«እግዜር ይስማሽ» ትላለች፣ ዐይኗን እየጠረገች።

አንዳንዴስ ያ ኩርፊያዋ ይሻለኝ ነበር እላለሁ። በቁሜ ተዝካሬን የምታወጣ ሴት ምን ይደረጋል?

ዓምና የገለጉዋ ልጄ ገንዳ ውሃ ልትጠይቀኝ መጣች። ስለ አማቷ አማረርሁባት፤ «ይህች ሴት በደህናው ሰው ላይ ምን ታሟርታለች?» አልኋት። ልጄ መሬት መሬት አየች። ከዚያ ነገረችኝ። ያን ቀን ማጀት ውስጥ እናቴ ለመክሳት ብላ ተቀደደች ማለት ከብዷት፣ ከነልጇ ልትባረርም ስለ ነበር፣ «እናቴ ሆዷን ነቀርሳ ይዟት ነው የተቆረጠላት፤ ልትሰናበተን ነው የመጣችው» ብላት ኖሯል። እኔ በየዓመቱ በጤናዬ ስመጣ፣ ልጄ ውሸቷን ማስተባበሉ እየከበዳት ቀረ።

የልጄ አማት ለካ ያንኑ ቀን ስለት ተስላለች። እግዜር እኔን በሕይወት እስካቆየ ድረስ ሥጋ ላትቀምስ፤ የዚያ ዶሮ ድርሻዋን እንኳ ለሰው ሰጥታ፣ ከዚያ ወዲህ ፋሲካ በመጣ ቁጥር ለቤቱ ሰው ሠርታ ታበላለች እንጂ ራሷ በሽሮ ነው የምትፈስከው።