አሥረኛዋ ጥሬ ፍሬ

ማሽኑ የመጣ ዕለት መንደሩ ሙሽራ የገባ መሰለው። ከጅማ ወደ ደዶ በሚወስደው ኮረኮንች መንገድ የጭነት መኪናው እየተንገጫገጨ ብቅ ሲል ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ሸራው ሲገለጥ ግን ከሥሩ የወጣው በርሜል የሚያህል ብረት ነበር፤ ከጎኑ ትልቅ መዘውር ተሰክቶበታል።

«አፍ አለው፣ ሆድ አለው፣ ጆሮ የለውም» አለ ሣህሉ፣ የመንደሩ ፈጣን ቡና ለቃሚና የደቦ ዘፈን አውጪ። «ቁርጥ አማቴን!»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ዘይቡ ግን ሳቁን ጭራሽ አልሰማችም። መዳፏን መዘውሩ ላይ አሳርፋ «ማሻ አላህ፣ ማሻ አላህ» ትላለች፤ ፊቷ እንደ ሕፃን በርቷል።

ለምን እንዲህ እንደሆነች ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ዘይቡ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጅማ መርካቶ፣ በአንድ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ቡና ስታበጥር ኖራለች። ሥራው እንዲህ ነው፦ ማዳበሪያ አንጥፈሽ ትቀመጫለሽ፤ ከፊትሽ ቡና ይከመራል፤ ጥቁሩን፣ ስባሪውንና ጠጠሩን በጣትሽ እየለየሽ ታወጫለሽ። ሌላው ጫካ ውስጥ ያበላሸውን እሷ መርካቶ ተቀምጣ ታቃናለች። «አንድ ቀን እንኳ የሚወጣለት ነገር የሌለ ቡና አይቼ ብሞት!» ስትል ከጎኗ የምትቀመጠው ዙህራ «እንግዲያው አትሞቺም» እያለች ትስቅባት ነበር።

ከዚያ የስልሳ ሰባቱ የመሬት አዋጅ መጣ። ዘይቡ ወደ ትውልድ መንደሯ ተመለሰች፤ የገበሬ ማኅበሩም ቡና ያለበት ቁራሽ መሬት በራሷ ስም መዘገበላት። ጥቂት ቆይቶ በአካባቢው ያሉ የገበሬ ማኅበራት ተባብረው አንድ የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። መጀመሪያ ሱቅ ከፈቱ፤ ለአንድ ሳሙና ጅማ ድረስ መኳተን ቀረ። አሁን ደግሞ፣ በ1972 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ይኸው የቡና መፈልፈያ!

የነገሩ ውበት እዚህ ላይ ነው። መፈልፈያ ሆዳም ነው። የቀይ ቡናን ልጣጭ ገፎ ፍሬውን ይለያል፤ ግን የሚበላው በዕለቱ የተለቀመ እሸት ብቻ ነው። ያደረ እሸት ጆንያ ውስጥ ይግልና ይበላሻል። አንድ ገበሬ ማሽኑን የሚገዛበት አቅም የለውም፤ ቢገዛው እንኳ በአንድ ቀን የሚያጠግበው ቡና ከየት ያመጣል? ሁለት መቶ አባወራ አንድ ቀን ሲለቅም ግን ማሽኑም ይጠግባል፣ አባወራውም ይጠቀማል። ማኅበር ማለት ለዘይቡ ይህ ነበር፤ አንድ ሰው ብቻውን የማያጠግበውን ብረት በጋራ ማብላት።

አንድ ችግር ግን ነበር። መፈልፈያው አንድ፣ የሚጠብቁት ማኅበራት ሁለት ናቸው። ከቡና መሥሪያ ቤት የመጣው ባለሙያ ጣሰው መነጽሩን እየጠረገ ሁኔታውን አስረዳ።

«ሐሙስ ትለቅማላችሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እመጣለሁ። ከእሸቱ አንድ ቁና እዘግንና ጥሬውን እቆጥራለሁ። ከአሥር ፍሬ ከበለጠ ማሽኑ ለወዲያኛው ማኅበር ይሄዳል። መኪናው እዚሁ ቆሞ ይጠብቃል።»

ሊቀመንበሩ አባ መጫ ስብሰባ ጠሩ፤ የእሸት ተረካቢ ማን ይሁን ተባለ። አንዱ «ተረካቢ ወንድ ነው» ሲል አባ መጫ ጺማቸውን እያሻሹ «አሥራ አንድ ዓመት መርካቶ የቡና ጉድፍ ያወጣ ወንድ ካለ ይነሳ» አሉ። የተነሳ አልነበረም። ዘይቡ ተመረጠች።

ሐሙስ ጠዋት ደቦ ተጠራ። ንፍሮ ተቀቀለ፣ ብርዝ ተበጠበጠ፤ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ተለይተው ወደ ቡናው ገቡ። ሣህሉ ከላይ ሰፈር ሆኖ ዘፈን አወጣ፣ ታቾቹ መለሱለት፤ ጫካው በዘፈን ተናወጠ። ቅርጫት በቅርጫት ላይ ይገለበጣል። ዘይቡ በደስታ ክንፍ አውጥታ የመጀመሪያው ክምር ውስጥ እጇን ከተተች።

ቀይ። ጥሬ። ጥሬ። ቅጠል። ጥሬ። የደረቀ ጥቁር። ቀይ።

የደቦ ነገር! ደቦ እሽቅድምድም ነው። የሚመሰገነው ቀድሞ የሞላ ነው፤ ቀድሞ ለመሙላት ደግሞ ቅርንጫፉን ጨብጦ ከላይ እስከ ታች መመልመል ነው። ለጀንፈል ቡና፣ ከነልጣጩ ለሚደርቀው፣ እንዲህ ሲለቅሙ አያት ቅድመ አያት ኖረዋል። በመላው አገር ከዚህ የፈጠነ ለቃሚ አልነበረም፣ ከዚህ የባሰም ክምር።

ዘይቡ ሳቅና ለቅሶ እኩል መጡባት። ስድስት ሰዓት ሆኗል። ደግሞ ለደቦ የመጣ ሰው አይቆጡትም፤ እንግዳ ነው፣ ቢቆጡት ቅርጫቱን ጥሎ ይሄዳል። ደቦ የሚገባው ቋንቋ ሁለት ብቻ ነው፦ ሙገሳና ስድብ።

ክምሩ ላይ ወጣች። «የላይ ሰፈሮች! ወላሂ ፈጣኖች ናችሁ!»

እልልታ።

«ግን ታቾች ዓይን አላቸው አሉ። ሣህሉ ቀይና ጥሬ አይለይም፣ ሚስቱን የመረጠውም በጨለማ ነው ይላሉ።»

«ማነው ያለው?» ሣህሉ ቅርጫቱን ጣለ። «እኔ? ዓይን የለኝም?»

«አሳየና! አዲስ ሕግ ነው። ላዮች የታቾችን ክምር ይፈትሹ፣ ታቾች የላዮችን። ጥሬ የተገኘበት ጥሬውን ያኝካል! በመጨረሻ ጥሬው ያነሰለት ሰፈር ብርዙን ቀድሞ ይጠጣል።»

«ቶሌ!» ብሎ ሕዝቡ ጮኸ፤ ይሁን ማለቱ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያላየ ቀረበት። ሁለት መቶ ሰው ተንበርክኮ የባላንጣውን ጥፋት ፈለገ። ዘይቡ በመካከላቸው እየሮጠች «በሁለት እጅ! ዘርጋው፣ በትነው፣ ዓይንህን ተከተል!» ትላለች፤ የመርካቶ ጥበቧን በአንድ ቀትር አፈሰሰችው። ጥሬ ፍሬ ምላስ ያስራል፤ ሣህሉ በሰባተኛው ላይ አፉ እንደ ከረጢት ተሰበሰበ። የዘፈኑ አውጪ ዘፈን አቃተው፤ ታቾች ከሳቅ ብዛት ተንከባለሉ። ከክምሩ የወጣው ጥሬ እንደ ጥንቱ ሊደርቅ ለብቻው ተሰጣ፣ አንድም አልተጣለም። ወደ ቡናው ሲመለሱ ደግሞ አንድ አንድ ፍሬ እያዩ፣ ቀዩን ብቻ ለቀሙ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጣሰው መጣ። ሰውየው ብልህ ነው፤ ከክምሩ አናት አልዘገነም፣ ክንዱን እስከ ብብቱ አስገብቶ ከሥር አወጣ። ቁናውን ሰሌን ላይ ዘረገፈና እርሳሱን አዘጋጀ።

ገና ጎንበስ ሳይል «ጥሬ!» አለ አንዱ የላይ ሰፈር ሰው። «የታቾች ናት!»

«ያቺኛዋስ? የላዮች ናት! አኝካት!»

ዘይቡ በድን ሆነች። ጨዋታው በደማቸው ገብቶ ማቆሚያ አጥቷል። ጣሰው አፉን ከፈተ፤ በሥራ ዘመኑ የራሱን ቡና የሚያሳጣ ገበሬ አይቶ አያውቅም። ሦስት። አምስት። ስምንት። «ዝም በሉ እንጂ!» ብላ አባ መጫን በዓይኗ ለመነች፤ አባ መጫ ራሳቸው «ዘጠኝ!» ብለው አንዷን ከፍ አደረጉ። ወዲያው የሠሩት ገባቸውና አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

ሌላው ሁሉ ቀና አለ። ሣህሉ ብቻ ሰሌኑ ዳር ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ጡጫው ውስጥ አንድ ነገር አለ። ዘይቡን አያት፣ አየችው። ቀስ ብሎ ጡጫውን ወደ አፉ ወስዶ አኘከ።

«ምንድን ነው የበሉት?» አለ ጣሰው።

«ቀይ ናት» አለ ሣህሉ። «ትጣፍጣለች።» ነገር ግን አንድ ዓይኑ ተጨፈነ፣ ከንፈሩ ተጠቀለለ፣ ጆሮው እንኳ የተሸበሸበ መሰለ። ማር ቢሆን ያን ፊት አያመጣም።

ጣሰው የሣህሉን ፊት አስተውሎ ተመለከተ። እርሳሱን ምላሱ ላይ ነካ አድርጎ ጻፈ።

«አሥር» አለ። «እትዬ ዘይቡ፣ ከአሥር ከበለጠ ነው ያልኩት። አሥር ደግሞ ከአሥር አይበልጥም።»

የዚያን ዕለት ጩኸት ጅማ ሳይሰማ አልቀረም። አባ መጫ መዘውሩን ለማዞር እጅጌያቸውን ሲሰበስቡ ሣህሉ «እሷ! እሷ!» ብሎ በደነዘዘ ምላሱ ተንተባተበ። ዘይቡ «ቢስሚላህ» ብላ አዞረች። ብረቱ አጉረመረመ፤ ቀዩ ልጣጭ በአንድ በኩል ፈሰሰ፣ በሌላው በኩል ነጫጭ ፍሬዎች እንደ ሳሙና እያሟለጩ ዘለሉ። ዘይቡም እንደ እነሱ ዘለለች።

ፍሬው ገንዳ ውስጥ ተዘፈዘፈ፣ ታጠበ፣ በመቃ አልጋ ላይ ደረቀ፤ ከወር በኋላ ወደ ጅማ ወረደ። ሰንበት ብሎ ዘይቡ ለማኅበሩ ሱቅ ጨው ጭና ከመርካቶ ስትወጣ ዙህራ መንገድ ላይ ያዘቻት።

«አንቺ የደዶ ጉድ! ማዳበሪያ አንጥፈን፣ ያንቺን ቡና አፍሰን ተቀመጥን፤ የሚወጣ ነገር ጠፋ። ግማሽ ቀን ወሬ ስናወራ ዋልን።»

«ምንም?»

«አንዲት ጥሬ ፈልጌ አጣሁ።»

ዘይቡ ጨው የተሸከመችውን አህያ አንገቷን አቅፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «እሷንማ» አለች፣ «ሣህሉ በልቷታል።»