ቀይ ምልክት ያለበት ኮምፒውተር

ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ የሚል ነገር በሰማሁ ቁጥር፣ የባንክ ማሽንም ይሁን የሌላ ሰው ስልክ፣ ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር የነበረው ቤታችንና ያ አልነሳም ያለ አሮጌ ኮምፒውተር ከነአቧራው ይመጣብኛል።

ኮምፒውተሩን አባቴ በበጋ ከጨረታ ገዝቶ በባጃጅ አምጥቶት ነበር። አባቴ የባቡር ጥገና ሠራተኛ ስለነበር በመፍቻዎቹ ሁሉ ላይ ቀይ ቀለም ያደርግባቸው ነበር፤ ምልክት የሌለው ዕቃ ነገ የሌላ ሰው ነው ብሎ ያምናል። እኛ ቤት ሰው የሚታመነው ከተፈተሸ በኋላ ነው፤ ባለሱቁም፣ ጎረቤቱም፣ ከሱቅ ስመለስ እኔም አልቀርም ነበር።

ግንቦት ሲገባና ሙቀቱ ሲያይል፣ ታላቅ እህቴ መሠረት እግሮቿን ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ነክራ የመመረቂያ ጽሑፏን ትተይብ ነበር። ፍላሽ ላይ ገልብጪው ስትባል «ነገ» እያለች፣ ማስረከቢያው ሁለት ቀን ሲቀረው ማሽኑ እየጮኸ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ጽሑፉ ሌላ ቦታ የለም፤ ካላስረከበች ደግሞ ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም። ያን ቀን ምሳም አልበላችም።

ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ኮምፒውተር የሚጠግን አብዲ የሚባል ሳቂታ ሶማሌ ነበርና ነገ ጠዋት እመጣለሁ አለን። አባቴ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሰላም አጣ። «ደህናውን አውጥተው የሞተውን ነው የሚከቱልህ» እያለ ሽፋኑን ፈታና፣ የመሠረትን ቀይ የጥፍር ቀለም ወስዶ ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ ምልክት አደረገበት። ራም የሚሉትን፣ ማስመሪያ የሚያህለውን ቁራጭማ ነቅሎ፣ ሌባ የሚመኘው ወርቁን ነው ብሎ ወርቅ የመሰሉትን ጥርሶቹን ለቀለቃቸውና መልሶ ሰካው።

በማግሥቱ አብዲ ሲመጣ እኔ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ «ዓይንሽ ከእጁ እንዳይነቀል» ብሎኝ ስለነበር፣ አፍንጫውን ሲያክ እንኳ ምን ደበቀ እያልኩ እከታተለው ነበር። ገመዱን ቀየረ፣ አቧራውን በብሩሽ አራገፈ፣ ማሽኑ ግን መጮሁን አልተወም። በመጨረሻ ራሙን ነቅሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሌሎቹን ቀይ ነጥቦች አንድ በአንድ አያቸው።

«አቦ ጋሼ፣ ይሄን እኔን ፈርተህ ነው?» አለ፣ እንደ ድሬ ሰው አባቴን አንተ እያለ።

«ልማድ ነው» አለ አባቴ፣ ግድግዳውን እያየ።

አብዲ መሠረትን የጥፍር ቀለም የሚያስለቅቅ አሴቶንና ጥጥ ጠይቆ ኤሌክትሪክ የሚያልፍባቸውን ጥርሶች ከቀለሙ ጠረገ፣ ከሥር የነበረውን የቆየ እድፍ በላጲስ ፈተገ፣ ራሙን መልሶ ሰካው። ማሽኑ አንዴ ብቻ ጢጥ ብሎ ተነሣ። ጽሑፉ አለ! መሠረት ስታለቅስ እናቴ ምሳ አቀረበች፣ አብዲ ግን «በልቻለሁ» ብሎ ወጣ። እንዳልበላ እናውቃለን፤ ከጠዋት ጀምሮ ከዓይኔ ሥር አልጠፋም። እንዲያ አፍሬ አላውቅም። ክረምቱ ገብቶ ደቻቱ ሲሞላ፣ ድልድዩ ላይ ሲያገኘን ሰላምታ ይሰጠን ነበር፤ ቤታችን ግን ዳግመኛ አልመጣም።

አባቴ ይቅርታ ሳይጠይቀው አረፈ። አምና ላፕቶፔ ቢበላሽብኝ ወደ አብዲ ሱቅ ሄድኩ፤ ፀጉሩ ሸብቷል። ማሽኑን ሳይነካ ወንበር ስቦ ልክ ከእጁ ፊት ለፊት አኖረልኝ። እዚህ ለሚመጣ ሰው ሁሉ እንዲህ ያደርጋል አሉኝ ሱቁ ውስጥ የነበሩት ደንበኞች። ላፕቶፑን ጥዬ ልሄድ እንደምችል፣ እንደማምነው ነገርኩት።

«ቁጭ በይ» አለኝ፣ ቀና ሳይል፤ «እያየሽኝ ብሠራ ለእኔም ይሻለኛል።»

ያኔ ተቀመጪ ያለኝ አባቴ ነበር፣ አሁን ደግሞ ራሱ አብዲ ነው። የድሮው በርጩማ ላይ መቀመጥ ይቀል ነበር። ተቀመጥኩና እጁን ማየት ትቼ እስኪጨርስ ድረስ መንገዱን ሳይ ቆየሁ።