በመስኮቱ የቆመችው ወኪል

የሥራ ጓደኞቿ «ካውያ» ይሏታል። ቀኑን ሙሉ በአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት ቆማ አንሶላና የትራስ ልብስ ስለምትተኩስ ብቻ አይደለም፤ የነኳት እንደሆነ ታቃጥላለች። አንድ ጊዜ አለቃዋን ሳይቀር «አንሶላውን ልተኩስ ወይስ አንተን?» ብላው ሰውየው ስንት ቀን በዚያ በኩል አላለፈም። እኛም ካውያ እንበላትና እንቀጥል።

ይህቺ ካውያ በበጋው መገባደጃ አጭር እረፍት ወስዳ እናቷን ልታይ ወደተወለደችበት ከተማ ተሳፈረች። ለአለቃዋ «ቤተሰብ ናፈቀኝ» አለችው። ለእናቷ በስልክ «እረፍት ሰጡኝ» አለቻት። ሁለቱም ውሸት አይደለም፤ ግን ሁለቱም ዋናውን ነገር አልነኩትም። ዋናው ነገር በግራ ጡቷ ውስጥ ነበር። ሐኪሙ መርምሮ፣ ደግሞ አስመርምሮ፣ «ጡቱ ሙሉ በሙሉ መነሳት አለበት፤ ቶሎ ከሆነ ትድኛለሽ» ብሏታል። የቀዶ ጥገናው ቀጠሮ ከእረፍት እንደተመለሰች ነው። ካውያ ግን ልቧ አልቆረጠም። ቆርጧል ከተባለም የቆረጠው ላለመሄድ ነው። «ከነሙሉ አካሌ ልሙት እንጂ ማንም እየቆራረጠ አይጫወትብኝም» ትላለች ለራሷ። እንግዲህ ልንገራችሁ፣ የመጣችው ቤተሰቧን ልትጠይቅ ሳይሆን ልትሰናበት ነበር፤ ያውም ለማንም ትንፍሽ ሳትል፣ ሆድ ይፍጀው ብላ።

መናኸሪያ ድረስ መጥቶ የተቀበላት ታናሽ ወንድሟ ነው። ታክሲ ነጂ ነው፤ ከሞተሩ በፊት አፉ ይነሳል።

«እታለም፣ ከሳሽ እንዴ?»

«አንተ ደግሞ ወፍረሃል። የኔን ወስደህ ይሆናላ!»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ወኪልሽን ጠይቂያት» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ግን ሳቁን ቶሎ ዋጠና ሻንጣዋን መኪናው ውስጥ ከተተ። መንገዱን ሙሉ ስለ ቤንዚንና ስለ ትራፊክ ፖሊስ ብቻ አወራ። ካውያ ወንድሟን ታውቀዋለች፤ ስለ ቤንዚን ብዙ ካወራ የደበቀው ነገር አለ።

ወኪሏ የሚላት አሻንጉሊት ናት። እናታቸው ልብስ ሰፊ ናት። ካውያ ገና ኮረዳ ሳለች እናቷ በእሷ ልክ ከጨርቅና ከጥጥ አንድ አሻንጉሊት ሠራች። ራስ የላት፣ እጅ የላት፤ በአንድ የእንጨት እግር ላይ የቆመች ትከሻና ደረት፣ ወገብና ዳሌ ብቻ። ካውያ ለሥራ ከቤት ስትወጣ አሻንጉሊቷ ቀረች። ከዚያ ወዲህ እናቷ በእሷ ላይ እየለካች ለልጇ ቀሚስ ሰፍታ በመንገደኛ ትልካለች። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ካውያ የወፈረች ጊዜ ቀሚሱ ሰፍቶ መጣ። ታማ የከሳች ጊዜ ጠቦ መጣ። ልኳን የላከ ሰው የለም፤ እሷ እንደሆነች ፎቶ መነሳት እንኳ አትወድም። የሥራ ጓደኞቿ «እናትሽ አልጋሽ ሥር ነው እንዴ የምትኖረው?» እያሉ ይስቁ ነበር። እናቷን ስትጠይቃት መልሷ ሁሌ አንድ ነው።

«ድምፅሽን እሰማለሁ፤ ከዚያ ጥጥ እጨምራለሁ ወይ እቀንሳለሁ። ሌላ ምን አለው?»

ታክሲው ወደ ሰፈሩ ሲታጠፍ ፀሐይዋ ልትገባ ነበር። የስፌት ክፍሉ መስኮት መንገዱን ያያል። በመስኮቱ ከአንገቷ እስከ ወለሉ ነጭ አንሶላ የለበሰች አንዲት ሴት ቆማ ወደ መንገዱ ዞራለች። ካውያ አሻንጉሊቷ እንደሆነች እያወቀች የመኪናውን መስኮት ዝቅ አደረገች።

«ለምንድነው የሸፈናችኋት?»

«እማዬን ጠይቂያት» አለ ወንድሟ። ቁልፉን አውጥቶ ከመኪናው ሲወርድ ወደ መስኮቱ አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሳ። አስቦት አይደለም፤ የለመደበት ነው። ካውያ ልትቀልድበት አፏን ከፈተችና ተወችው።

እናቷ በሩ ላይ ጠበቀቻት። ይቺ እናት ስታቅፍ ጎድን የምትሰብር ሴት ናት። ዛሬ ግን በቀኝ በኩል ብቻ፣ እንቁላል እንደያዘ ሰው በስሱ አቀፈቻትና ቶሎ ለቀቀቻት። «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ።» «ተመስገን።» አለቀ። ካውያ በሆዷ እሰይ አለች፤ ጥብቅ አድርጋ ብታቅፋት ኖሮ ሳታስበው «ወይኔ» ብላ መጮኋ ነበር።

ገና ቁጭ ሳይሉ የማዶዋ ጎረቤት ገባች። ወሬ ስለማያመልጣት ሰፈሩ በሙሉ «ራዲዮ» ነው የሚላት።

«እኔ እኮ ተቀይሜሻለሁ! ትናንትና ከመጣሽ ብቅ አትይም?»

«ኧረ እትዬ፣ አሁን ገና መግባቴ ነው። ሻንጣዬ ይኸው፣ አልተከፈተም።»

«ሂጂ ወዲያ! ትናንት አመሻሹ ላይ ከገበያ ስመለስ በመስኮቱ ቆመሽ አይደል እንዴ? ሰላም ስልሽ እጅሽን አንስተሽ መለስሽልኝ። ቀኝ እጅሽን። ግራሽን እንዲህ ደረትሽ ላይ ይዘሽ ነበር» ብላ የገዛ ደረቷን በመዳፏ ሸፈነች።

ወንድሟ ጫማውን ማየት ጀመረ። እናቷ ግን ድምፅዋን ሳትቀይር «ዓይንሽ ደክሟል፣ መነጽር አስገዢ» አለቻትና ወሬው በዚያው ወደ መነጽር ዋጋ ዞረ። ካውያ አብራ ሳቀች። ግራ እጇ ደረቷ ላይ መሆኑን ያየችው ራዲዮ ከወጣች በኋላ ነው። ከመቼ ጀምሮ እንዲህ መያዝ እንደለመደች እሷም አታውቅም።

ያስተኟት እዚያው ስፌት ክፍል ነው፤ ድሮም ክፍሏ እሱ ነበር። እናቷ አንሶላውን በጣቷ እያመለከተች «ቀሚስሽ ነው። አላለቀም። እንዳትነኪ» አለቻት። በነጋታው ካውያ ስትነቃ አሻንጉሊቷ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ወደ አልጋው ዞራለች። ፊት የላት፣ ዓይን የላት፤ ግን ሰው ሲያያችሁ ይታወቃችሁ የለ? እንደዚያ ነው። ወንድሟን ጮኻ ጠራችው።

«ወለሉ ዘማማ ነው እታለም፣ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ትዞራለች» አለ። ከዚያ ጭንቅላቱን አከከና፣ «ድሮ ግን አትዞርም ነበር» ብሎ ሥራ ረፈደብኝ እያለ ወጣ።

በዚያው ቀን ልጅነቷን አብራት ያሳለፈችውን ጓደኛዋን ልትጠይቅ ሄደች። አስተማሪ ናት፤ ተማሪ እንደምትቆጣው ሁሉ ሰውንም ትቆጣለች። ተቃቀፉ። ካውያ ጥርሷን ነከሰች።

«ምን ሆነሻል?»

«ጡንቻዬ ነው። አንሶላ ሙሉ ቀን ማንሳት ቀላል መሰለሽ?»

ጓደኛዋ ዓይን ዓይኗን አየቻትና፣ «እናትሽስ ምን ሆና ነው?» አለች። «ለልጄ ምርቃት ቀሚስ ላሰፋ ብሄድ አባረረችኝ እኮ! ሰው ሁሉ ወደ ሌላ ሰፊ ሄዷል። ብርዱ ሳይወጣ ጀምራ አንድ ቀሚስ ትሰፋለች፣ ትተረትራለች፣ ትሰፋለች፣ ትተረትራለች። አንድ ቀን በመስኮት ሳያት ከአሻንጉሊቷ ጋር ትጨቃጨቃለች። ‹ለምን እንቢ ትያለሽ? ምን አድርጊ ነው የምትይኝ?› ትላታለች። ማርያምን፣ ፈርቼ ነው የሮጥኩት።»

ካውያ ክው አለች። ብርዱ ሳይወጣ? እሷ ራሷ ያንን እብጠት በእጇ ያገኘችው ሙቀቱ ከገባ በኋላ ነው። ሐኪም ጋ የሄደችው ደግሞ ከዚያም ወዲያ ነው። የቀረበላትን ሻይ ጀምራ ተወችው። ጓደኛዋን ስትሰናበት እጇን ይዛ ከልማዷ ውጪ ቆየች። «ደግ ሰው ነሽ» አለቻት። ጓደኛዋ ደነገጠች፤ ከካውያ አፍ እንዲህ ያለ ቃል ወጥቶ አያውቅምና።

ቤት ስትደርስ ሰው የለም። እናቷ ክር ልትገዛ ወጥታለች። ስፌት ክፍሉ ውስጥ ሙቀቱ ያፍናል፤ የስፌት መኪናው ተከድኗል፤ ጠረጴዛው ላይ መቀስና ጠመኔ፣ ሜትርና የስፒል ሣጥን ተቀምጠዋል። አሻንጉሊቷ አሁንም ወደ አልጋው ዞራ ቆማለች። ካውያ ፊት ለፊቷ ቆመች። ቁመታቸው ልክ ለልክ ነው። «ነይ እስቲ፣ ምን እንደደበቅሽ ልይ» ብላ ለመቀለድ ሞከረች፤ የገዛ ድምፅዋ አስፈራት። አንሶላውን ሳበችው።

ከሥሩ ሰማያዊ ቀሚስ ነበር። እናቷ በሕይወቷ እንዲህ ያለ ቀሚስ ሰፍታ አታውቅም። አንድ የተጨማደደ ቦታ የለውም፤ አንዲት የተሳሳተች ክር የለችበትም። ግራው በኩል ግን ጠፍጣፋ ነው። ካውያ የኋላውን ዚፕ ከፈተችና ቀሚሱን ከአሻንጉሊቷ ትከሻ ወደታች አወረደችው።

የአሻንጉሊቷ ግራ ጡት የለም። ጥጡ ወጥቶ፣ ጨርቁ በመቀስ ተቆርጦ፣ ከብብት እስከ ደረት መሐል በአግድም ተሰፍቷል። ስፌቱ ደቃቅና ለስላሳ ነው። ሐኪሙ በጣቱ እዚህ ድረስ ብሎ ያሳያት መስመር ነው፤ ከሱ ያለፈም የጎደለም የለም። የተሰፋበት ክር በመስኮቱ ፀሐይ ደብዝዟል፤ የትናንትና ስፌት አይደለም። ካውያ አንድ እጇን በአሻንጉሊቷ ደረት፣ አንዱን በራሷ ደረት ላይ አድርጋ መስመሩን በሁለቱም ላይ በጣቷ ተከተለችው።

«እንዳትነኪ አላልኩሽም?»

እናቷ ክሩን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«ማን ነገረሽ?» አለች ካውያ። ጮኸች። «ማን ነው የነገረሽ!»

«ማንም አልነገረኝም። ማን ይነግረኛል? አንቺ እንደሆንሽ ‹ደህና ነኝ› ትያለሽ፣ እኔ እንደሆንኩ ‹ተመስገን› እላለሁ። ሁለታችንም ውሸታሞች።» እናቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። በአንድ ጊዜ አረጀች። «ቀሚሱ እንቢ አለኝ፣ የኔ ልጅ። እሰፋለሁ፣ በግራ በኩል ይጎትታል። ሰፋ አደርገዋለሁ፣ ይጎትታል። ተርትሬ እንደ አዲስ እቆርጣለሁ፣ ይጎትታል። ጥጥ ጨመርኩ፣ ቀነስኩ። ስንት ዓመት ሰፍቼ እንዲህ ያለ ልብስ አላየሁም። አንድ ቀን ጠዋት ስነሳ መቀሱ እጄ ላይ ነው። ቆርጬ ጨርሻለሁ። አልቅሼ አልቅሼ ሲወጣልኝ ቀሚሱን አለበስኳት። ፀጥ ብሎ ተቀመጠላት። ከዚያ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር ነፍሴ ትወጣለች። ልጠይቅሽ እልና ምላሴ ይተሳሰራል። ከጠየቅኩ እውነት የሚሆን መሰለኝ።»

ካውያን ያ ምላሷ፣ ያ የሚያቃጥል ምላሷ፣ ከዳት። እናቷ እግር ሥር ተቀመጠች። ሁሉንም ነገረቻት፤ እብጠቱን፣ ሐኪሙን፣ ቀጠሮውን። በመጨረሻም፣ «ግን አልሄድም እማዬ። ልሰናበታችሁ ነው የመጣሁት» አለች።

እናቷ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ከዚያ ተነሳች፣ ቀሚሱን ከአሻንጉሊቷ አውልቃ ልጇ ላይ ወረወረችው።

«ልበሺው።»

«እማዬ...»

«ልበሺ አልኩ!»

ለበሰችው። ከእናቷ እጅ ከወጣ ልብስ ሁሉ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ልኳ አልነበረም። በግራ በኩል ወጠራት፣ አሳመማት፣ ዚፑ ግማሽ ላይ ሲደርስ አልዘጋ አለ።

«አየሽ?» አለች እናቷ። «ላሁኗ አንቺ አልተሰፋም። አሁን ገልብጪው፤ የጎኑን ስፌት እይው። አንቺም የልብስ ሰው ነሽ፣ ምን ታያለሽ?»

ካውያ ጎኑን ገለበጠች። በውስጥ በኩል ከብብት እስከ ታች ሰፊ ትርፍ ጨርቅ ታጥፎ ተቀምጧል። ደህና ልብስ ሰፊ እንዲህ አያባክንም።

«ይሄ ሁሉ ትርፍ ለምንድነው?»

«ስትወፍሪ እንዲለቀቅ ነዋ! ስታረጂ ትወፍሪያለሽ፤ እንደ አክስትሽ በር የማያስገባሽ ትሆኛለሽ። ያንን ትርፍ ልተወው ብዬ አስቤ አይደለም። ጡቱን የቆረጠው እጄ ነው እሱንም የተወው። አንዱን ካመንሽ ሌላውንም እመኚ!» ብላ ጮኸችባት።

ካውያ ትርፉን ጨርቅ መልሳ አጠፈችና፣ «አብረሽኝ ትሄጃለሽ?» አለች። በውጭ ከባድ መኪና አለፈ፤ ወለሉ ተንቀጠቀጠ፤ አሻንጉሊቷ ግን ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም።

ወደ ሥራ ከተማዋ የተመለሱት እናትና ልጅ አብረው ነው። ወንድሟ መናኸሪያ ድረስ አደረሳቸው፤ ስለ ቤንዚን አንድም ቃል አልተናገረም፣ ዝም ብሎ እያለቀሰ ነዳ። ከቤት ሲወጡ ካውያ ወደ ስፌት ክፍሉ ተመልሳ ለአሻንጉሊቷ «ደህና ሁኚ» ብላታለች፤ ማንም ሰው አልሳቀባትም።

ከሆስፒታል የወጣች ዕለት ሰማያዊውን ቀሚስ ለበሰች። አቅም አልነበራትም፣ ፊቷ ገርጥቷል፣ የቁስሏ ማሰሪያ ገና አልተፈታም። እናቷ ከኋላዋ ቆማ ዚፑን ሳበችው፤ አንድም ቦታ ሳይዝ እስከ ላይ ተዘጋ። ቀሚሱ ፀጥ ብሎ ተቀመጠላት። ካውያ መስታወቱን አየችና ፊቷን አዞረች። እናቷ ግን መስታወቱን አላየችም። ጎንበስ ብላ የቀሚሱን ጎን በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ የታጠፈውን ትርፍ ዳበሰችው።

«ገና ብዙ አለሽ» አለቻት።