የእትዬ ዘነበች ውሻ

«ውሻ ቀኑን ሙሉ ብቻውን ታስሮ መዋል የለበትም» አለ የከተማው እንስሳት ተቆጣጣሪ፣ ዛሬ ጠዋት እዚህ ግራንድ ፕሬሪ ከተማ፣ በጎረቤቴ በእትዬ ዘነበች ደጃፍ ላይ ቆሞ።

እትዬ ዘነበች እንግሊዝኛ ስለማይችሉ አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ።

«እውነቱን እኮ ነው፤ ብቻን መዋል ደግ አይደለም» አሉ ከልባቸው።

ልጃቸው ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ደብል ሺፍት ነው የሚሠራው። ሥራ ቦታው ደውለን በድምፅ ማጉያ አስጠራነው፣ መልሶ አልደወለም።

«ግን ብቻውን አይደለም በለው» አሉኝ። «እኔ አለሁ አይደል? ቀኑን ሙሉ በመስኮት እናወራለን።»

ተረጎምኩለት። ሰውየው ቅጹን አገላብጦ አየ። በመስኮት ማውራት የሚሞላበት ቦታ የለውም።

አዲሱ ደንብ ሰንሰለት ይከለክላል። ግቢው አጥር የለውም፣ አከራዩ ደግሞ ውሻ ቤት ውስጥ አይፈቅድም። ሶ፣ ውሻው መኪና ላይ ተጫነ።

«ሰፊ ግቢ ያለው ሰው እንፈልግለታለን በላቸው» አለኝ ሰውየው። ክፉ ሰው አይደለም።

«እሰይ፣ እሱስ ተፈታ» አሉ እትዬ፣ ሰንሰለቱን እጃቸው ላይ እየጠቀለሉ። ይህችን አልተረጎምኳትም።

እናንተም ለሰው ስታስተረጉሙ መናገር ያቃታችሁ ቀን ካለ፣ እስቲ ጻፉልኝ።

እትዬ ዘነበች ልጃቸው ጋ ከመጡ ሦስት ዓመታቸው ነው። መኪና አይነዱም፤ በሰፈራችን አውቶቡስ አያልፍም።