ከድጄ የሰማችው የፈረንሳይ ሙዚቃ

መምህር አስረስ ከጎጃም ተመድቦ ቡታጅራ ሲመጣ ጸጉሩ ጥቁር ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ለልጆቻችን ሙዚቃ አስተማረ። ቤት አልሠራም፤ ያፈራው በእጁ የጠገናቸው ሦስት ቫዮሊኖችና ቼሎ የሚሉት አንድ ትልቅ ቫዮሊን ነው። እኔ በሃምሳ ዓመቴ ሱቄ ውስጥ ፊደል ስቆጥር አይቶ ያልሳቀብኝ እሱ ብቻ ነው።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ ጡረታ ይወጣል። የከተማው ሽማግሌዎች ትምህርቱ ይፈለጋል ብለው ካልመሰከሩ የሙዚቃው ክፍል እንደሚዘጋ ትምህርት ቤቱ ነገረው። አስረስም ከሦስት የቀድሞ ተማሪዎቹ ጋር ኮንሰርት ሊያሳይ ተነሣ። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የነበረውን የአውሮፓ ሙዚቃ፣ ባሮክ የሚሉትን፣ በየአገሩ ለይቶ ሊያሰማን ነው። ፈረንጅ ሁሉ አንድ አይደለም ወይ አልኩት። የመስቃን ጉራጌና የሶዶ ጉራጌ ዘፈን አንድ ነው ወይ አለኝ። ጣሊያኑ እየፈጠነ ይፎክራል፣ ፈረንሳዩ እንደ ሹም ይራመዳል፣ ጀርመኑ ከሁለቱም ወስዶ ያሰላስላል ብሎ አስረዳኝ።

ሽማግሌዎቹን ማምጣት የእኔ ድርሻ ሆነ። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ቀን ለስብሰባ ስለተያዘ እሑድ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ተቀጠረ። ዘጠኝ ሰው ሰበሰብኩ። ጋቢያችሁን ለብሳችሁ ኑ፤ ሙዚቃው ሲጀመር አታውሩ፣ አትንቀሳቀሱ ብዬ አጥብቄ ነገርኳቸው።

አስረስ ደግሞ ከድጄን በሰው አስጠራት። ልጇ ኡበይድ ከተማሪዎቹ ሁሉ የበለጠው ነበር። ሳዑዲ ከሄደ ሦስት ዓመት፣ ድምፁ ከጠፋ ሰባት ወር ሆኖታል። አስረስ ያሰበው እናቱን ፊት ወንበር አስቀምጦ ሊያከብራት ነው። የተላከው ሰው የኡበይድ አስተማሪ ይፈልግሻል፣ ሽማግሌዎቹም እየጠበቁሽ ነው አላት።

በሩን ከፍታ ስትቆም ጣሊያኑ አልቆ የፈረንሳዩ ቀስ ያለው ክፍል ተጀምሯል። በማለዳ ተሰብስበው፣ ጋቢ ተከናንበው፣ አንገታቸውን ደፍተው ዝም ያሉ ሽማግሌዎች አየች። በእኛ አገር በዚያ ሰዓት እንዲያ የሚሰበሰቡት ለመርዶ ነው።

"ጋሽ ሰማን፣ ኡበይድ ነው?" አለችኝ።

"ኧረ ደህና ነው። ነይ ተቀመጪ" አልኳት።

መርዶ ነጋሪ መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ ነው። እኔ ራሴ ለስንቱ ብዬዋለሁ። ከድጄ ወለሉ ላይ ወደቀች። አስረስ ቫዮሊኑን ጥሎ ሮጠ፤ ኮንሰርት ነው፣ የሞተ የለም እያለ ለመናት። ሽማግሌዎቹ ወላሂ ብለው ማሉላት። በማልንላት ቁጥር ዋይታዋ በረታ። የጀርመኑ ሳይሰማ ቀረ።

ቤቷ ለለቅሶ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ጎረቤት ገባ። የኡበይድን ስልክ ደጋግመን ብንደውል ዝግ ነው። ሙሀመድአወል የሚባለው ትልቁ ሽማግሌ በሕይወት ባለ ልጅ ላይ አስሟረታችሁን ብሎ ተቆጣኝ። ስለ ሙዚቃው ክፍል የሚመሰክር ጠፋ፤ እኔም አፍሬ አልጠየቅኩም። በሳምንቱ ክፍሉ ተዘግቶ የተሰባበረ ወንበር ተከመረበት።

አስረስ ግን ከለቅሶው ቤት አልቀረም። ለቅሶው በተቀመጠ በሦስተኛው ቀን ከድጄ አጠገቧ አስቀመጠችው። እንባዋ አልቆ ነበር።

"መምህር፣ እርስዎ አይዋሹኝም። የት ቀበሩት?"

አስረስ ሞቷል ማለት አይችልም፤ ስልኩ ዝግ ነውና በሕይወት አለ ማለትም አይችልም። አንገቱን ደፍቶ ምንጣፉን አየ። እሷም ዝምታውን እንደ መልስ ተቀበለችው።